እትዬ ያዝልኝ

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ወረፋ የሚይዝ ሁሉ «እትዬ ያዝልኝ ገብታለች?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ገብታለች ከተባለ ፊቱ ይፈታል፤ አልገባችም ከተባለ ግማሹ «እንግዲያው ነገ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መርፌ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። እጇ ቀላል ነው። ሕፃን እንኳ እሷ ስትወጋው የሚያለቅሰው መርፌው ከወጣ በኋላ ነው፣ ያውም እናቱን ሲያይ።

እኔን ደግሞ ክላክስ ይሉኛል። የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ ስሙ የወጣልኝ ግን በጉሮሮዬ ነው እንጂ በመኪናዬ አይደለም። ሳወራ እጮሃለሁ፣ ስጮህ ሰፈር ይሰማል፣ ስናደድማ ባይወራ ይሻላል። ይህን የምነግራችሁ ልኮራበት ብዬ አይደለም። የእሷን ነገር ከማውራቴ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ ማወቅ ስላለባችሁ ነው። እትዬ ያዝልኝን የመታት ሰውዬ እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔው ነኝ። መስደብ ካማራችሁ አትቸኩሉ፣ ራሴን እኔው እሰድበዋለሁ። መጀመሪያ ስለ እሷ ልንገራችሁ።

ወደ ክሊኒኩ የገባችው መጥረጊያ ይዛ ነው። ቀን ወለል ትወለውላለች፣ ማታ ትማራለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በሰባት ዓመቷ ክር በመርፌ ዓይን ታስገባላቸው ነበር አሉ። «መርፌ ማለት ጨርቁ ሳያውቅ ሲገባ ነው» ይሏት ነበር። ነርስ ሆና መርፌ ክፍል ስትመደብ ያንኑ ነገር ወደ ሰው ቆዳ አመጣችው።

ሥራ በጀመረች በዓመቷ አንድ ሰውዬ የታመመ ልጁን አቅፎ፣ በሩን በእርግጫ ብሎ ገባ። «ኃላፊው ማነው? ዛሬ ሰው እገድላለሁ!» ይላል። ሌሎቹ ነርሶች ልጁን ከእቅፉ ተቀብለው አልጋው ላይ አስተኙት፤ አባትየው ግን ቡጢውን ጨብጦ ወደ እሷ መጣ። የዚያን ጊዜ ሁለት እጇ ሙሉ ነው። በአንዱ ትሪ፣ በሌላው ክዳን ያለው ትልቁን የጥጥ ጠርሙስ ይዛለች። የምትለው ቢጠፋት «ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን ያዝልኝ» ብላ ጠርሙሱን ሰጠችው። ሰውዬው ተቀበለ! መስታወት የያዘ ሰው ቡጢውን የት ያገኘዋል? ቆመ፣ ጠርሙሱን አየ። ልጁ ተወግቶ፣ ተጠራርጎ፣ ልብሱን ከለበሰ በኋላ ነው ቀስ ብሎ «የት ላስቀምጠው?» ብሎ የጠየቃት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ ሆነ። የተቆጣ ሰው ሲገባ አንዴ ታየዋለች፣ ጠርሙሱን ታስይዘዋለች። ለሴት «ያዢልኝ»፣ ለሽማግሌ «ይያዙልኝ» ትላለች፤ ስም ሆኖ የቀረላት ግን «ያዝልኝ» የሚለው ነው፣ ምክንያቱም አስቸጋሪዎቹ እኛ ወንዶቹ ነን። ደግሞ ብልጥ ነች፣ ጠርሙሱን ቶሎ መልሳ አትቀበልም። «የሚማታው እጁ ባዶ የሆነ ሰው ነው» ትል ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ጠርሙስ አልሰበረባትም፣ እኔ እስክመጣ።

አሁን ወደ እኔ ጉድ እንምጣ። እኔ መርፌ እፈራለሁ። ሳቁ፣ ግዴለም። ዳገቱን ቁልቁለቱን በሌሊት የምነዳ ሰውዬ፣ ፍሬን ተበጥሶብኝ ያልጮህኩ ሰውዬ፣ መርፌ ሳይ መውጫ በር ነው የምፈልገው። ይህን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። እና የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ ጎማ ስቀይር ቸርኬው እግሬ ላይ ወደቀ። ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪሙ አይቶ «በቀን አንድ፣ ለአሥር ቀን» ብሎ መርፌ ጻፈልኝ።

አሥር! ወረቀቱን ይዤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ወረፋ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሰው ስጣላ ነበር። ከዘበኛው ተጣላሁ፣ ከፊቴ ካለችው ሴትዮ ተጣላሁ፣ የሚንቀጠቀጠውን አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ተሳደብኩ። ፍርሃት ነበር እንጂ ቁጣ አልነበረም፤ ግን እኔ ሁለቱን የምለይበት ዕድሜ ላይ ገና አልደረስኩም ነበር፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። አንዴ አየችኝና ጠርሙሱን አስያዘችኝ። «ያዝልኝ ወንድሜ» አለች። ያዝኩ። ወዲያው ወግታኝ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እሷ ግን መድኃኒቱን ቀዳች፣ መርፌውን ቀና አድርጋ ገፋ አደረገችው፣ ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። ያቺን ጠብታ አየኋት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም ማለት ይቀለኝ ነበር። አስታውሳለሁ። ክንዴን ስትነካኝ «አትንኪኝ!» ብዬ ጠርሙሱን እንደያዝኩ እጄን ሰነዘርኩ። ጠርሙሱ ትከሻዋ ላይ አረፈ፣ በሌላው እጄ ደግሞ ገፈተርኳት። ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ተሰበረ፣ እሷም ስብርባሪው ላይ በቀኝ እጇ ተደግፋ ወደቀች። ጥጡ ሁሉ ቀላ። ዘበኛው ከኋላዬ ዘሎ አንገቴን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የሚንጠባጠብ እጇን በሌላው እጇ ይዛ፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ቀስ በለው፣ እግሩ ታሟል» አለችው።

አፈር ልብላ! ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ቀን አደርኩ። እዚያ ሆኜ ሰበብ ሳሰላስል ነበር፦ ጠርሙሱ አዳልጦኝ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነበር፣ መርፌውን ያዘጋጀችው አጉል ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ፍርድ ቤት ቀርቤ የእሷ ቃል ሲነበብ ግን ምላሴን ዋጥኩ። ያጋነነችው የለም፣ የቀነሰችውም የለም። «በጣም ፈርቶ ነበር። ቢፈራም ግን የመታኝ እሱ ነው» ብላ ነው የጨረሰችው። እኔ መፍራቴን ለማንም አልተናገርኩም። «ልክ ናት» አልኩ፣ ዳኛው የሚገባኝን ቀጥቶ በገደብ ለቀቀኝ። ቀሪውን መርፌ ሌላ ክሊኒክ ሄጄ፣ ባለቤቴ ዓይኔን በመዳፏ እየሸፈነችልኝ ተወጋሁ።

የእሷ እጅ ሁለት ጅማት ተቆርጦ ነበር፣ የአውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ። ሰፉላት፣ አሰሩላት፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ፈቱላት። ጣቶቹ ግን እሺ አላሉም።

ከባለቤቴ ጋር ይቅርታ ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። ሁለት ክፍል ናት ቤቷ፣ የፊተኛው የአባቷ የልብስ ስፌት ነው። አባቷ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እጀታው የተሰበረ መነጽራቸውን በክር ጆሯቸው ላይ አስረው ይሰፋሉ። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። በቀን መቶ ቁልፍ ትተክላለች፣ ማታ አባቷ መቶውንም ይፈቱና ጠዋት እንደገና ያስጀምሯታል። የጣቷ ሕክምና ይኸው ነበር። ስታየኝ መርፌው ከእጇ ወደቀ።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

መርፌውን ፈልጋ አነሳች። በሦስተኛው ሙከራ ነው የያዘችው። «እኔ ሰምቼሃለሁ» አለች። «እጄ ግን ገና አልሰማም። ሲሰማ እነግርሃለሁ።»

አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። አባቷ ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ ቁልፍ ረግጠሃል፣ እግርህን አንሳ» አሉኝ። አነሳሁ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ቁልፏን ሰጠቻቸውና ወጣን።

ሦስተኛው ወር ሊሞላ ሲል፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ከመኪናዬ ሥር ተጋድሜ ዘይት ሳፈስ «ክላክስ የሚባለው እዚህ አለ?» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። አወቅኳት። ስነሳ ግንባሬን ከመኪናው ሻንሲ ጋር አጋጨሁት። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ቆማለች።

«አንተን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለች። «ዋናው ሐኪም ቀን ቆርጠውልኛል። ዓርብ እሳቸው ፊት ከሰው ክንድ ደም እወስዳለሁ። ከሆነልኝ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ካልሆነልኝ ካርድ ክፍል ይመድቡኛል።»

«ካርድ ክፍልስ ሥራ አይደል እንዴ?» አልኩ፣ አፌ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ።

«ሥራ ነው» አለች። «የእኔ ግን አይደለም።» ቦርሳዋን ወደ ሌላው ብብቷ አዛውራ ቀጠለች። «ባልደረቦቼ ሁሉ ክንዳቸውን ሰጥተውኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። ወጋኋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ 'ምንም አልተሰማንም' ይሉኛል። ይወዱኛላ! በውሸት እጄ ምን ይማራል? ሲያመው የሚጮህ ሰው ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ... እኔን?»

«አንተ ሲያምህ ሰፈር ይሰማል» አለች።

አጠገባችን የነበሩት ሹፌር ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ እንዲያውም መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ መርፌዋ ገና ክሊኒኩ ውስጥ እያለች ክንዴ ማላብ ጀምሮ ነበር። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ቀኝ እጇ ላይ አረፈ፣ ጠባሳው ከመዳፏ እስከ አውራ ጣቷ ይሄዳል። «መቼ ልምጣ?» አልኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት «አንተ? በመርፌ? በፈቃድህ?» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጀመርን። ያ ዘበኛ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ «አንዲት ነገር ብትንቀሳቀስ» በሚል ዓይን ያየኛል። እውነቱን ነው። ክሊኒኩ ከዚያ ቀን ወዲህ የጥጥ ዕቃውን ፕላስቲክ አድርጎት ነበር። እሷ ግን ከቦርሳዋ አዲስ የመስታወት ጠርሙስ አወጣች። ዘበኛው «ኧረ እትዬ፣ ለዚህ ሰውዬ መስታወት?» ቢላት «ለፕላስቲክ ማንም አይጠነቀቅም» አለችና ሰጠችኝ። «ያዝልኝ» አለች።

ያዝኩ። እንዲያ አድርጌ ይዤው የማውቀው የመጀመሪያ ልጄን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ወጋችኝ፣ አራት ጊዜ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት «ሰው ይሞታል እንዴ እዚህ?» ብለው ወጡ። እሷ አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም። «የት ጋ ነው ያመመህ? ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ?» ብቻ ትለኛለች። በሕይወቴ ስጮህ ዝም በል ያላለኝ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ቀስ በቀስ እኔም መልስ መስጠት ተማርኩ። «ሲገባስ ደህና ነው፣ ከገባ በኋላ ደም ስሩን ስትፈልጊ ነው የሚያንገበግበኝ» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፣ አውራ ጣቷን ዝቅ አድርጋ ያዘች። ጩኸቴ ለካ ሥራ ነበረው!

ረቡዕ ዕለት ግን ባሰ። አውራ ጣቷ ተኮማትሮ አልፈታ አለ፣ መርፌው ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ። ትሪው ላይ አስቀመጠችውና ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «ሃያ ሦስት ዓመት» አለች። «ለአባቴ ምን ብዬ ልንገራቸው? መቶ ቁልፍ እየፈቱ ዓይናቸው ሊጠፋ ነው።» እንባዋ መጣ። እኔ ደግሞ እንባ ሲያዩ ምን እንደሚደረግ አላውቅም፣ እኔ የማውቀው መጮህ ነው። ዙሪያዬን ባይ ባይ በእጄ ያለው ጠርሙሱ ብቻ ነው። «እስቲ ያዢልኝ» ብዬ ሰጠኋት። ተቀበለች። ጠርሙሱን አቅፋ አየችኝና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ዘበኛው በሩ ላይ ሆኖ አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም ይለኛል።

ሐሙስ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ። ልዋሽላት ወሰንኩ። ነገ ቢያመኝም ባያመኝም ጥርሴን ነክሼ «ምንም አልተሰማኝም» እላለሁ፣ አለቀ። ያጠፋሁትን በአንድ ውሸት ብመልሰው ምን አለበት? ዓርብ ስገባ ግን ላስቲኩን ክንዴ ላይ እያሰረች፣ ዋናው ሐኪም ሳይሰሙ፣ «ብትዋሽልኝ ሁለተኛ አላናግርህም» አለችኝ። ዓይኔን አይታ ነው ያወቀችው።

ዋናው ሐኪም ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ጠርሙሱን በግራ እጄ ያዝኩ። ቀኜን ወጋችኝ።

አመመኝ። መርፌዋ ገብታ ደም ስሩን ሳተች፣ ውስጥ ውስጡን ስትፈልግ እስከ ትከሻዬ ተሰማኝ። ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ቀና ብላ ታየኛለች። ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፍርድ ቤት የተነበበው ቃሏ ትዝ አለኝ፣ ያልጨመረችበት፣ ያልቀነሰችበት።

«ኧረ አመመኝ!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው እየሮጠ ገባ። ዋናው ሐኪም እስክሪብቶ አንስተው አንድ ነገር ጻፉ። የእሷ ፊት አመድ መሰለ። ሁለተኛ ጊዜ ገደልኳት አልኩ በሆዴ። አንዴ በእጄ፣ አንዴ በአፌ።

እሷ ግን መርፌውን አወጣች፣ ጥጥ አድርጋ ጫን አለችበት፣ አዲስ መርፌ ፈታች። «ግራህን ስጠኝ» አለች። ጠርሙሱን ወደ ቀኜ አዛወርኩ። ላስቲኩን አሰረች። እኔ ማየት ስለማልችል ዓይኔን ጥጡ ላይ ተክዬ፣ ጉሮሮዬን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። አሁን ነው፣ አሁን ነው እላለሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ስንት የጥጥ ድቡልቡል እንዳለ ቆጠርኩ። ላስቲኩን ስትፈታው ተሰማኝ፤ ሌላ ቦታ ልትሞክር ነው ብዬ አሰብኩ። ቢቸግረኝ «እትዬ፣ ጀምሪ እንጂ! ነፍሴን እኮ አወጣሻት!» ብዬ ጮህኩ።

ዘበኛው አፉን በእጁ ያዘ። ዞር ብዬ ሳይ ክንዴ ላይ ጥጥ ተለጥፏል፣ በእጇ ደም የሞላ ብልቃጥ ይዛለች። ሙሉ ነው፣ እስከ አፉ። የማን ደም ነው ብዬ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዋናው ሐኪም መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «በመጀመሪያው ዝም ብለህ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛውን ማን ያምንህ ነበር?» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ፈርመው ለእሷ ሰጧትና ወጡ።

እሷ ወረቀቱን አላነበበችውም። ብልቃጡን ትሪው ላይ አስቀመጠች፣ ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ እንደገና ዘረጋች። ከዚያ ያንን ጠባሳ ያለበትን መዳፍ አምጥታ ትከሻዬ ላይ አደረገችው። «ሰምቷል» አለችኝ። «እጄ አሁን ሰምቶሃል።»

እኔ፣ ክላክስ፣ ድምፅ አጣሁ። እንደ ሕፃን አነባሁ፣ አላፍርም። እጄ ላይ ደግሞ ያ ጠርሙስ አለ፣ እንባዬን የምጠርግበት እጅ የለኝም።

«የት ላስቀምጠው?» አልኳት።

«እዚያው ያዘው» አለችና ወደ በሩ ሄዳ፣ አንገቷን ወደ ኮሪደሩ አውጥታ «ተረኛ!» ብላ ተጣራች።